መትረፍና መዳን

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ ቤቱ የገባን ሰው ጎረቤት «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎ ይቀበለዋል። ምስጋናው የተገባ ነው። ይሁንና አማርኛ «ተረፈ» እና «ዳነ» የሚሉ ሁለት ቃላትን ለያይቶ ማኖሩ በከንቱ አይደለም። ከጽኑ አጣዳፊ የሳንባ ጉዳት ያመለጡ ሕሙማን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚኖሩት በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው።

ሕመሙን አሽባውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 በ12 ሕሙማን ላይ ያዩትን በላንሴት መጽሔት በማሳተም አስተዋወቁት። መነሻው የሳንባ ምች፣ ወደ ደም የተሠራጨ ኢንፌክሽን፣ ከባድ አደጋ ወይም በጣና ዙሪያ እንግዳ ያልሆነው ወባ ሊሆን ይችላል። መነሻው ቢለያይም የሳንባ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ኦክስጅንም ወደ ደም መሻገር ይሳነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ ከተገኘ ወዲህ የኦክስጅን ነገር የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የየቤቱ ጭንቀት ሆኗል።

ከሕመሙ በኋላ ያለውን ሕይወት በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ማርጋሬት ኸሪጅና ባልደረቦቻቸው በቶሮንቶ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ነው። 109 ሰዎች ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። የሳንባቸው አቅም በአብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ። በስድስት ደቂቃ የሚጓዙት ርቀት ግን በዓመቱ ከሚጠበቀው 66 በመቶ፣ በአምስተኛው ዓመትም 76 በመቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሥራ የጀመሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። እንቅፋቱ በዋናነት የጡንቻ መመንመንና ድካም ነበር። በዚህ ላይ ቅዠት፣ ትካዜና የማስታወስ ችግር ይታከላሉ።

ይህ ግኝት ለባሕር ዳር የተለየ ክብደት አለው። ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አስጋሪ ወይም በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ እንጀራው በክንዱና በእግሩ ነው። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው የሚችለው ድካም እርሱን ከነቤተሰቡ ለችግር ይዳርጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗም የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ አገሮች በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በሌላ አገር የተለካ ቁጥር እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

መልካሙ ነገር፣ ይህን ድካም ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የስድስት ደቂቃው ጉዞ የሚጠይቀው 30 ሜትር ያህል ደልዳላ ወለል፣ ሰዓትና ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኪጋሊ የወጣው ጥናት ሕመሙን ራሱን ያለ መተንፈሻ ማሽንና ያለ ደም ጋዝ ምርመራ መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ክትትሉም በዚሁ መንገድ ሊታሰብ ይችላል። በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን የመውጫ ወረቀት ላይ የሦስት ወር ቀጠሮና የሚራመዱት ርቀት ቢሰፍር፣ ለጥየቃ የሚመጣውም ዘመድ «ዕረፍ» ከማለት ይልቅ ክንድ ይዞ ጥቂት ቢያራምድ፣ የተረፈው ሰው ወደ መዳን የሚወስደው መንገድ ያጥርለታል።