የተፈታውንስ ማን ይጠይቀዋል?

የታሰረን ሰው መጠየቅ በአገራችን ከጥንት የቆየ መልካም ልማድ ነው። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ ስንቅ ቋጥራ ከወኅኒ ቤት ደጅ ትቆማለች። የጽዋ ማኅበርተኞችም በዓል በመጣ ቍጥር ምግብ አዘጋጅተው የማያውቁትን እስረኛ ሳይቀር ይጐበኛሉ። በመጨረሻው ቀን ከምንጠየቅባቸው ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን ጌታችን በወንጌል ማስተማሩን የማያውቅ ክርስቲያናዊ ቤተ ሰብ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከዘመዱና ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪውና ከሐኪሙ ጋራ የመገናኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይሁን እንጂ እስረኛው በተፈታ ዕለት ጠያቂው ሁሉ ሥራውን እንደ ፈጸመ ቈጥሮ ይመለሳል። እኛ ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ከዚያች ዕለት ወዲያ ስላሉት ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ይኸውም ኤች አይ ቪ በደማቸው ስለሚገኝና በእስር ቤት ሳሉ መድኃኒት ይወስዱ ስለ ነበሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ዋጋ ይታደላል። ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ ቫይረሱ በደሙ የተገኘ ሰው ሁሉ ሕመሙ እስኪጠናበት ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲጀምር ተደርጓል። ዛሬ አብዛኛው ታካሚ የሚወስደው ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት የተቀመሙበትን አንድ ፍሬ፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው። በማረሚያ ቤቶቻችን ተደርጎ በነበረ ጥናት ቫይረሱ የተገኘባቸው እስረኞች ከመቶ 4 ያህል ነበሩ፤ በመላው አገሪቱ ካሉት አዋቂዎች መካከል ግን ቍጥሩ ከመቶ 1 ገደማ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

መድኃኒቱ ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። በየቀኑ ሳይቋረጥ በተወሰደ ጊዜ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ በዚህ ሁኔታ የጸና ሰውም ለትዳር ጓደኛው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። በተቋረጠ ጊዜ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ በ2 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይነሣል። እያቋረጡ መውሰድም ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ተፈቺው በመጀመሪያው ወር የሚያደርገው ወይም የሚተወው ነገር ከእርሱ አልፎ የሚስቱን ጤንነት ይነካል።

ይህ የመጀመሪያ ወር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ከሀብታም አገር የተገኘ አንድ ምስክር እናቅርብ። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ከእስር የተፈቱ 2,115 ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት በእኛ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲፈቱ የ10 ቀን መድኃኒት በእጃቸው ይሰጣቸው ነበር። ያ ሳያልቅ ቀጣዩን ያወጡት ግን ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። እስከ 30 ቀን ያወጡት ከመቶ 18 ያህሉ፣ እስከ 60 ቀን ያወጡት ደግሞ ከመቶ 30 ያህሉ ነበሩ። መንገድና ሐኪም በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ቈላ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

የምንኖርባት ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዚህ የሚፈታ ሰው ቤቱ ፊልቱ ወይም ዶሎ ኦዶ እንደ ሆነ ከኦሮሚያ ወደ ሶማሌ ክልል ይሻገራል፤ የሚቀበለው ጤና ጣቢያም ወረቀቱን ካላየ ማንነቱን አያውቅም። ከብት አርቢ እንደ ሆነም ቤተ ሰቡን በተወበት ስፍራ ላያገኝ ይችላል፤ ከ2013 ዓ.ም. አንሥቶ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ስለ ተጓደሉ በቦረና ምድር እጅግ ብዙ ከብት አልቆ ብዙ ሰው ከቀዬው ተነሥቷልና። ወጣቱ ደግሞ እንጀራ ፍለጋ ወደ አዶላና ወደ ሻኪሶ የወርቅ ቍፋሮ ይሄዳል፤ በዚያም የሐኪም ቀጠሮ አለህን ብሎ የሚጠይቀው የለም። በዚህ ላይ መፈታት አንዳንድ ጊዜ ድንገት ይመጣል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከ4,000 በላይ ለሆኑ እስረኞች ይቅርታ ተደርጎ ነበር። ይቅርታ ታላቅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ውጣ የተባለ ሰው የሚያስበው ስለ መኪናው መሳፈሪያ ነው እንጂ ስለ ዝውውር ወረቀቱ አይደለም።

ቤት በገባ ጊዜም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በነገሌ ሰው ከእስር ሲፈታ ቡና ይፈላል፣ አቅም ያለው በግ ያርዳል፣ ጎረቤቱም «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» እያለ እስከ ሌሊት ይሰነብታል። የመድኃኒቱ ሰዓት የሚደርሰው ቤቱ በእንግዳ በተሞላበት በዚያ ምሽት ነው። እስረኛ የሚለውን ስም ገና ከላዩ ያላወረደ ሰው ሁለተኛ ስም እንዳይወጣለት ስለሚፈራ፣ ፍሬዋን ከቦርሳው ሥር እንደ ደበቃት ያድራል። አንድ ቀን ሁለት ቀን ይሆናል፤ ሁለት ቀንም ሳምንት ይሆናል።

በኦርቶዶክሳውያን ቤት ሁለት ጥያቄዎች ደግሞ ይነሣሉ። የመጀመሪያው ስለ ጸበል ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በግንቦት ወር 1999 ዓ.ም. ጸበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል አስታውቀዋል፤ ስለዚህ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዲተው ማንም ሊመክረው አይገባም። ሁለተኛው ስለ ጾም ነው። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ፍሬ ከምግብ ጋራም ሆነ ያለ ምግብ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ የሚጾም ሰው ከሐኪሙ ጋራ ተማክሮ ሰዓቱን ወደ ማታ ቢያደርገው ጾሙም መድኃኒቱም አይጋጩበትም። የንስሐ አባቶች ይህን በግልጥ ቢነግሩት ከብዙ ጭንቀት ያሳርፉታል።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ የመፈቻው ቀን ሲቃረብ ስንቅ ይዞ የሚመላለሰው ሰው እስረኛው ከማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ የዝውውር ወረቀቱንና የመንገድ መድኃኒቱን እንዲጠይቅ ያስታውሰው። መድኃኒቱን በሚገባ ለያዘ ሰው በአገራችን የ6 ወር በአንድ ጊዜ የመስጠት ሥርዓት ስላለ፣ ይህ ለእርሱ ይፈቀድለት እንደ ሆነ መጠየቅ አይከፋም። ሁለተኛ፣ በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው አንድ ታማኝ ሰው ይኑረው፤ የመሳፈሪያውንም ገንዘብ ቤተ ሰቡ ወይም ማኅበሩ ይቻለው። ሦስተኛ፣ ሕመሙን በሰው ፊት አንጠይቀው፤ «የቀጠሮህ ቀን መቼ ነው? አብሬህ ልሂድን?» ማለት ይበቃል። ምሥጢሩን የነገረን እንደ ሆነም ከእኛ አይውጣ፤ በማዕድም ዕቃ አንለይበት፤ ቫይረሱ አብሮ በመብላት አይተላለፍምና።

ቀድሞ የጠፋ ታካሚን ቤት ለቤት የሚፈልጉ ሠራተኞች በብዛት ነበሩ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ ግን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ ተነግሯል። ስለዚህ የጎረቤትና የማኅበር ድርሻ ከፊተኛው ይልቅ ከብዷል።

የቦረና ወንድሞቻችን ከብቱ ያለቀበትን ሰው በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ከጎሳው ከብት አዋጥተው እንደ ገና ያቋቁሙታል፤ ከመንጋው ተለይቶ እንዲቀር አይተዉትም። እኛም ሰንበቴና እድር አለን። በእነዚህ ውስጥ ለእስረኛ ስንቅ ከምናዋጣው ጥቂቱን ለተፈታው መሳፈሪያ ብናደርገው፣ የጀመርነውን መጠየቅ እስከ ፍጻሜው እናደርሰዋለን። እግዚአብሔር አምላክ የተፈቱትን በጤና ያኑርልን፤ እኛንም ለዚህ በጎ ሥራ ያነሣሣን።