ቡናው ከጌዴኦ፣ ጽሑፉ ከባሕር ማዶ

ከዲላ ተነስቶ በጪጩና በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቡና ያያል። ቡናው ከእንሰት ጋር ተሰባጥሮ፣ ከላይ ዋንዛና ብርብራ አጥልተውበት ይበቅላል። ይህንን የጌዴኦ መልክዓ ምድር ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚህ የተለቀመው ቡና ባሕር ማዶ ተቆልቶ ሲሸጥ «ይርጋ ጨፌ» የሚለው ስም ከረጢቱ ላይ ይታተማል። ከስሙ ሥር ያለውን ታሪክ የሚጽፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቡናውን የቆላው የውጭ ነጋዴ ነው።

ስሙን ለማስከበር ብዙ ተደክሟል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር በሲዳሞና በሐረር ላይ ተቃውሞ አቀረበ። የተራድኦ ድርጅቱ ኦክስፋም ኢትዮጵያን ደግፎ ዘመቻ ከፈተ፤ በመጨረሻም በሰኔ 1999 ዓ.ም. የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ስምምነት ፈረመ። ስሙ ባለቤቱን አገኘ።

ታሪኩ አብሮ ያልመጣው በከፊል በገበያው አሠራር ምክንያት ነበር። ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ የግል አቅራቢ አጥቦ ያደረቀው ቡና ዲላ መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌሎች ጋር ይቀላቀል ነበር። ገዢው የይርጋ ጨፌ ቡና መሆኑን እንጂ ማን እንዳጠበው አያውቅም ነበር። በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን የመሰሉ ማኅበራት በቀጥታ መላክ ይችሉ ነበር፤ የግል አቅራቢው ግን ለማን ብሎ ይጽፍ ነበር? በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ይህንን ቀየረው፤ ቡናው የመጣበትን ቦታ ይዞ ለገዢው የሚደርስበት መንገድ ሰፋ። ዛሬ ጪጩ ላይ ማጠቢያ ያለው ሰው የሚጽፈው ነገርም፣ የሚጽፍለት አንባቢም አለው።

ምን ይጻፍ? ብዙዎቹ ድርጅቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። «ምርጥ ጥራት ያለው ቡና እናቀርባለን» የሚለውን ሁሉም ስለሚለው ማንንም አያሳምንም። አሜሪካ ውስጥ ጥሬ ቡና በቤታቸው ለሚቆሉ ሰዎች የሚሸጠው ስዊት ማሪያስ ከተመሠረተ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ ቡና ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ሲቀመስ ምን እንደሚል በዝርዝር ይጽፋል። ደንበኛው ሊገዛ ባያስብ እንኳ ሊማር ይመጣል፤ ሊማር የመጣው ደግሞ ይገዛል። ይህ ድርጅት የሚጽፈው ከሩቅ ሆኖ፣ ሄዶ ጠይቆ ነው። የጪጩ አቅራቢ ግን ነገሩ ደጁ ላይ ነው።

እሸት ቡናው ከየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ሜትር ከፍታ ከሚገኝ ማሳ እንደመጣ ያውቃል። ኩሩሜ፣ ደጋና ወሊሾ የተባሉት የቡና ዝርያዎች በፍሬያቸው እንዴት እንደሚለዩ ያውቃል። ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ስንት ቀን እንደተገላበጠ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይና በሌሊት ጤዛ ለምን እንደሚሸፈን የሚያውቀው እሱ ነው። እነዚህን ከነቀናቸውና ከነመጠናቸው ቢጽፋቸው፣ ከቢሮው ሳይወጣ ለሚገምት ለማንኛውም ጸሐፊ የማይደረስበት ጽሑፍ ይሆናል። የለቀማው ወራት ሲያልፉም ወሬ አይጠፋም፤ በበልግ ዝናብ ቡናው ሲያብብ፣ ያረጀው ሲጎነደልና ችግኝ ሲተከል አንባቢው ስለ መጪው ዓመት ምርት አስቀድሞ ይሰማል።

ሥራው ለአንድ ሰው በስሙ መሰጠት አለበት። «ሁላችንም እንጽፋለን» የተባለበት ቤት በሁለት ወር ውስጥ ዝም ይላል። ይህ ሰው የግድ የቋንቋ ምሩቅ መሆን የለበትም፤ የማጠቢያው ተቆጣጣሪ በስልኩ ድምፁን ቀድቶ ቢልክና ሌላው ቢያቃናው ይበቃል። በአንድ ሳምንት አሥር ጊዜ ጽፎ ዓመቱን ሙሉ ከመጥፋት፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳያቋርጡ አንድ ነገር መጻፍ እጅግ ይሻላል።

ክፉውም ይጻፍ። ያለ ወቅቱ የወረደ ዝናብ አልጋ ላይ ያለውን ቡና ካበላሸ፣ የተበላሸውን ለይቶ ለገዢው እንደማይልክ የሚናገር አቅራቢ በሚቀጥለው ዓመት «ዘንድሮ ጥሩ ነው» ሲል ይታመናል።

የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ ማሳ የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ የማሳውን መገኛም ይጠይቃል። አተገባበሩ ተደጋግሞ ቢራዘምም መረጃው መሰብሰቡ አይቀርም። ከአንድ ሄክታር በታች መሬት ካላቸው ብዙ ገበሬዎች የሚሰበስብ አቅራቢ ይህን ሁሉ መዝግቦ ሲያበቃ ፋይል ውስጥ ብቻ ቢያስቀረው ያሳዝናል። ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው የጌዴኦ ቡና ከማንም በላይ በዚህ ጉዳይ የሚናገረው አለው።

አንባቢው የውጭ ገዢ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ጆን ዲር የተባለው የአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ አምራች እ.ኤ.አ. በ1895 «ዘ ፈሮው» የተባለ መጽሔት ለገበሬዎች ማሳተም ጀመረ፤ ዛሬም ይታተማል። መጽሔቱ ከማረሻና ከትራክተር ይልቅ የሚያወራው ስለ ገበሬው ሥራና ኑሮ ነው። በጌዴኦም በለቀማ ወራት አቅራቢዎች ለእሸት ቡና ይሻማሉ፤ ገበሬው ለማን እንደሚሸጥ ይመርጣል። የማጠቢያው ባለቤት የዕለቱን የእሸት ዋጋ፣ ቡናው ከተሸጠ በኋላ ለገበሬው የሚሰጠውን የሁለተኛ ክፍያ ቀንና ያለፈው ዓመት ቡና በስንት እንደተሸጠ በአማርኛና በጌዴኦኛ በቴሌግራም ቢያሳውቅ፣ ገበሬው ሚዛኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችለውም ልጁ ያነብለታል። ዋጋን በይፋ መጻፍ የሚያስፈራቸው ነጋዴዎች አሉ፤ ተፎካካሪያቸው አይቶ ትንሽ ሳንቲም እንዳይጨምር ይሰጋሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም የሁለተኛ ክፍያውን ቀን ጽፎ በዚያው ቀን የከፈለ ሰው ጋ ገበሬው በሚቀጥለው ጥቅምትም ቀይ ለቅሞ ይመጣል።