ጎረቤት ዋስ የነበረበት ዘመን

የዚያን ዘመን መርካቶ ዓርብ ዓርብ ያየ ሰው አይረሳውም፤ የኮረሪማው፣ የጥቁር አዝሙዱና የዕጣኑ ሽታ ተደባልቆ ይመጣል፣ ተሸካሚው ጆንያውን ጭኖ "ዳር! ዳር!" እያለ ሰዉን ይከፍላል፣ ከታላቁ አንዋር መስጊድ አዛን ሲሰማም ሙስሊሙ ነጋዴ የመሳቢያውን ቁልፍ ለክርስቲያን ጎረቤቱ አስይዞ ለጁምዓ ይሄዳል። የራጉኤል ንግሥ ሲሆን ደግሞ ቁልፉ በተራው ወደዚያኛው ኪስ ይገባል። እኔ ያኔ ሸማ ተራ በርጩማ ላይ የምቀመጥ ሱቅ ጠባቂ ልጅ ነበርኩና፣ ያን ቁልፍ ለአፍታ ሲያስይዙኝ ደረቴን እንዴት እነፋ እንደነበር አይጠየቅም።

ያ መተማመን እስከ ፖሊስ ጣቢያ ይዘልቅ ነበር። አንድ ምስኪን ተሸካሚ ጣቃ ጨርቅ ጠፋ ተብሎ ቢያዝ፣ አመሻሽ ላይ ሁለት የሰፈር አባቶች ጋቢያቸውን ደርበው፣ የንግድ ፈቃዳቸውን በብብታቸው ይዘው ይሄዱና "ዋሱ እኛ ነን" ብለው ይፈርማሉ፤ ልጁም ለራት ቤቱ ይደርሳል። በቀጠሮው ቀን አይቀርም፤ ቢቀር የእነዚያን አባቶች ዓይን በምን ዓይኑ ያያል?

በ2001 የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ሲወጣ መርካቶ ብዙም ልብ አላለውም። አዋጁ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ያለው ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰው እንዲይዝ ፈቀደ። የያዘውን በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት ማቅረቡ አልቀረም፤ ግን በመደበኛው ሥነ ሥርዓት ከ14 ቀን የማይበልጠው የምርመራ ቀጠሮ ከ28 ቀን የማያንስ ሆነ፣ ተደምሮም እስከ 4 ወር። ክስ ከተመሠረተ ደግሞ ተከሳሹ ፍርድ እስኪያገኝ ከእስር አይወጣም። የእነዚያ አባቶች ፊርማ ዋጋ ያጣው ያን ጊዜ ነው።

ይህን በደንብ ያወቅነው በ2004 ነው። በአወሊያ ትምህርት ቤትና በእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት (መጅሊስ) ምርጫ ጥያቄ የተነሣው "ድምፃችን ይሰማ" የተባለው የሙስሊሞች ንቅናቄ ዓርብ ዓርብ አንዋርን ሞልቶት ከረመ። ሐምሌ ላይ የንቅናቄው ኮሚቴ አባላትና ሌሎች ብዙዎች ተያዙ፤ በዚያው ወር ረመዳን ገብቶ ነበርና፣ አመሻሽ ላይ የሳምቡሳው ዘይት እየተንጫጫ፣ ተምሩ በሳህን ቀርቦ፣ የሚያፈጥረው ሰው የጎደለበት ቤት ነበር። ዋስ ልሁን ባይ ሞልቶ፣ ዋስ የሚቀበል ጠፋ። በ2007 የኮሚቴውን አባል አቡበከር አህመድን ጨምሮ በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ የመጨረሻዎቹ የወጡት በ2010 ነው። ብዙዎች በዚህ ሕግ የተመረመሩበት ማዕከላዊ የተባለው እስር ቤትም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

በ2012 አዋጅ 1176 የቀድሞውን ተካው። ሽብር የንጹሐንን ደም ያፈሳልና አገር ራሷን መጠበቋ ተገቢ ነው። ቢሆንም ሕግ አውጪዎቻችን ሆይ፣ ተጠርጣሪን የምትይዙበትን ሥልጣን በምትጽፉበት ጊዜ ለዳኛና ለዋስ የሚሆን ቦታ አትንፈጉ፤ ሰው ጎረቤቱን ሊያምን የሚችለው ሕጉም ሲያምነው ነው።