የአሮጌው ኮምፒዩተር ዕዳ የማን ነው?

አንባቢዎቼ ሆይ፣ «ነፃ» እና «በነፃ» የሚሉት ቃላት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ በዚያች ፊደል ምክንያት ግን ስንቱ ሰው ይሳሳታል! ነፃ ሶፍትዌር ማለት ማንም ሰው አሠራሩን መርምሮ፣ እንደሚያሻው ለውጦ፣ ለጓደኛው ሊያካፍለው የሚችል ማለት ነው። ያለ ድካም የተገኘ፣ ያለ ወጪም የሚኖር ማለት ግን አይደለም። ድካሙን የከፈለ ሰው አለ፤ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁትም ስለዚሁ ከፋይ ነው።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 18 ኮምፒዩተሮች አሉን። ሁሉም ሌሎች ሠርተውባቸው፣ ጠግበዋቸው፣ በእርዳታ የላኩልን ናቸው። ዴቢያን በሚባለው ነፃ ሥርዓት ስለሚሠሩ እስካሁን አላሳፈሩንም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው 13ኛው የዴቢያን እትም ለባለ 32 ቢት ፕሮሰሰሮች ከርነልም ማስጫኛም ይዞ አልመጣም። ያለፈው እትም ይሠራል፤ የጥበቃ ማሻሻያው ዘመን ግን የተቆጠረ ነው። አንድ ተማሪዬ ይህን ሲሰማ «ቲቸር፣ ድሆች ስለሆንን ነው የተዉን?» አለኝ። በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሊነስ ቶርቫልድስ የዴቢያን እምብርት የሆነውን ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 መጻፍ የጀመረው 386 በሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ነበር። ያ ፕሮሰሰር በሜሞሪ ውስጥ ያለውን ቁጥር በአንድ ትእዛዝ አመዛዝኖ መለወጥ አይችልም፤ ይህን ችሎታ ይዞ የመጣው ተከታዩ 486 ነው። ስለዚህ ለ386 ሲባል ብቻ በከርነሉ ውስጥ የተለየ ኮድ ተጽፎ ይኖር ነበር። ብዙ ፕሮሰሰር ላላቸው አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ሲል ኮዱን የሚያሻሽል ሰው ሁሉ፣ ምናልባት በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ያ አሮጌ ፕሮሰሰር እንዳይሰናከል አብሮ መጨነቅ ነበረበት። በ2012 መጨረሻ የ386 ድጋፍ ከከርነሉ ሲወጣ ቶርቫልድስ ለትዝታ ብሎ አልተከራከረም። የጀመረበትን መሣሪያ በገዛ እጁ አሰናበተው ማለት ነው።

ለመሆኑ ለዚያ ጭንቀት ደመወዝ የሚከፍለው ማነው? በሊኑክስ ከርነል ላይ የሚሠራው ሥራ አብዛኛው የኩባንያ ተቀጣሪዎች ሥራ ነው፤ ኩባንያም የሚከፍለው ለሚሸጠው ወይም ለሚገለገልበት መሣሪያ ነው። ከ20 ዓመት በፊት ተሽጦ ላለቀ ዕቃ ማን ኪሱን ይዳብሳል? ስለዚህ የአሮጌው ዕዳ የሚወድቀው ከሥራ ሰዓቱ በኋላ፣ እራቱን በልቶ በሚቀመጠው በጎ ፈቃደኛ ላይ ነው።

በ2021 መጀመሪያ «ክሪፕቶግራፊ» የተባለው የፓይተን ኮድ ጸሐፊዎች በሜሞሪ አያያዝ የሚደርሰውን ስሕተት ለመከላከል ሲሉ ከፊሉን በራስት ቋንቋ ጻፉት። እንደ አልፋ ላሉ የቆዩ ፕሮሰሰሮች የሚሆን የራስት ተርጓሚ ግን አልነበረም። የባለቤቶቹ ቁጣ ለጉድ ነበር! ጸሐፊዎቹ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ለአልፋ እንሠራለን ብለውም ቃል አልገቡም። ዓይንን በጨው ታጥቦ «ለምን አልደከማችሁልኝም?» ማለት እኔን አይጥመኝም።

ይሁን እንጂ ወጪው ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ጸሐፊው ሲተወው አዲስ መግዛት ወደማይችለው ሰው ይመጣል። ተማሪዬ እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ቅሬታ ግን በለጋሾቹ ላይ ነው። ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ሲያስረክቡን ፎቶግራፍ ይነሳሉ፤ ዕዳውንም አብረው እንዳስረከቡን ግን አይናገሩም።

በ2007 የወጣው የዴቢያን እትም አሚጋና የድሮው ማኪንቶሽ የሚሠሩበትን የሞቶሮላ 68000 ወገን ፕሮሰሰር ከዝርዝሩ አስወጥቶት ነበር። ወዳጆቹ ግን አልበተኑትም፤ ለብቻቸው ይዘውት፣ ወጪውን በራሳቸው ምሽት እየከፈሉ ዓመታት አቆይተውታል።

ኮድ መጻፍ ለማይችል ሰው የሚቀርበው ክፍያ መሞከር ነው። የሙከራ እትም ሲለቀቅ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ፣ የተሰናከለውን ለይቶ ለጸሐፊው መጻፍ ትልቅ ነገር ነው፤ እሱ ዘንድ መሣሪያው የለምና። እኛም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአምስት ተማሪዎች ጋር ጀምረነዋል። በዚሁም ከ18ቱ ኮምፒዩተሮች 14ቱ ባለ 64 ቢት ሆነው ሳለ ባለ 32 ሥርዓት ተጭኖባቸው መኖሩን ደረስንበት። ባለ 64 ቢቱ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ገበያ የወጣው በ2003 ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ጥግ ላይ የተጣለውን ኮምፒዩተር «አርጅቷል» ብላችሁ ከማስወጣታችሁ በፊት የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። የእኛ አራቱ ግን እውነተኛ ባለ 32 ናቸው፤ እስከ መቼ እንደምንደክምባቸው እኔና ተማሪዎቼ ገና አልተስማማንም።