እማማን «ስልኩን ይዝጉት» ያልኳቸው ቀን

ዛሬ ስለ ስልክ ልጽፍ ነው። «አሁንም ስልክ? ሰለቸን እኮ ዶክተር» እንደምትሉ ይገባኛል። ይህንንም የምታነቡት በስልክ ነው፤ ምናልባትም አንድ እጃችሁ ልጅ ይዞ። ስለዚህ ልቆጣ አልመጣሁም። እኔው ራሴ ምክሬን የዋጥኩበትን ቀን ነው የማወራችሁ። (የታካሚዎቼ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እማማ የሁለት ዓመት ከመንፈቅ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የመጡበት ምክንያት «ምግብ እምቢ አለኝ» የሚል ነው። ልጁ ስልክ ይዞ ገባ፣ ስልክ ይዞ ተቀመጠ። ልንመዝነው ስልኩን ስንወስድበት ጩኸቱ ኮሪደሩን አናወጠው። እማማ ደንግጠው መለሱለት፤ ወዲያው ጸጥ። በመጨረሻ ከነስልኩ ሚዛን ላይ ቆመ፣ ነርሷ ደግሞ ስልኩን ግምት አድርጋ ቀነሰችለት። ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ክብደቱ ለዕድሜው ዝቅ ያለ ነበር።

«ስንት ቃል ይናገራል እማማ?»

«ኧረ ገና ነው ልጄ። ወንድ ልጅ ይዘገያል ይሉኛል።»

«ስሙን ሲጠሩትስ ይዞራል?»

«ስልኩን ካልያዘ ይዞራል።»

«በቀን ምን ያህል ያያል?»

«ሲበላ ብቻ!»

ይህን «ሲበላ ብቻ» የሚለውን መልስ ከብዙ ወላጅ ስለምሰማው ዘርዘር አድርጌ ጠየቅኩ። አንድ ማዕድ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሦስት ሰዓት ሆነ። እንጀራ ሲጋገር እሳት እንዳይነካ ይሰጠዋል። ማታ እስኪተኛ ይሰጠዋል። ስንደምረው አምስት ሰዓት ገደማ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል።

እኔም ሁሌ እንደምለው አልኩ፦ «እማማ፣ ይህን ስልክ ይዝጉት።»

ቀና ብለው አዩኝና «እናቱንስ?» አሉኝ።

እናቱ ጅዳ ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ ልጁ ስምንት ወሩ ነበር። ስልኩን የላከችው እሷ ነች፣ በሰው። በየማታው ሥራ ስትጨርስ ትደውላለች፤ ልጁ እናት ብሎ የሚያውቀው ያንን መስታወት ላይ የሚመጣ ፊት ነው። የወተቱና የቤት ኪራዩ ብር መግባቱም የሚታወቀው በዚሁ ስልክ በሚመጣው መልእክት ነው። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ ታነብላቸዋለች። እኔ «ዝጉት» ያልኩት ዕቃ ለዚያ ቤት እናትም፣ ባንክም፣ ደሞዝ ከፋይም ነበር። ምን ብዬ ልመልስ? የመስማት ምርመራ ጽፌላቸው «የሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ይምጡ፣ አስቤበት እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ሐኪም እንዲህ ሲል ብዙም አትሰሙም።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን ስልክ ከፈትኩ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር «ለእኔ ጥሬ ብር ይበቃኛል» ካሉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ኪሴ ውስጥ ለሊስትሮ የሚሆን ድፍን ብር አይገኝም፤ ሊስትሮውም ቢሆን ስልክ ቁጥሩን ነው የሚነግረኝ። ነዳጅ በስልክ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በስልክ፣ መብራት በስልክ፣ ሽንኩርትም በስልክ። ብር ከእጅ ሲወጣ ቆጥረን ነበር የምንሰጠው። አሁን የሚስጥር ቁጥር ተጭነን ያልቃል።

የወሩን ዝርዝር ይዤ ደመርኩ። በቤታችን ሦስት ስልኮች ለፓኬጅ ብቻ 1,860 ብር ወጥቷል። አንድ እንቁላል 20 ብር ብንል 93 እንቁላል ነው፤ ለሦስት ልጆች ወር ሙሉ በየቀኑ አንድ አንድ እንቁላል ሆኖ ሦስት ይተርፋል። እኔ ነኝ እንግዲህ በየቀኑ «ለልጁ እንቁላል ስጡት» የምለው። እናቶች «እንቁላል ተወዷል ዶክተር» ሲሉኝ በልቤ ምን እንደምል አውቀዋለሁ፤ አሁን ግን የራሴን አየሁ። በየቀኑ የሃያ ብር ፓኬጅ የምትሞላ እናት የዕለት እንቁላሏን ዋጋ ታህል እያወጣች ነው፤ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ አይታወቃትም። ይህን ስል ፓኬጅ አትግዙ ማለቴ አይደለም። ለእማማ ቤት ፓኬጁ እናት ናት ብያለሁ። አንድ ወር ብቻ ደምሩት፣ ከዚያ የቱ ለወሬ የቱ ለሥራ እንደነበረ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስልክን ብቻ እንዳላማ ደግሞ አንድ ዕዳ አለብኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንዲት ወጣት እናት የስድስት ወር ልጇን አምጥታ «ከእንቅልፉ ሲነቃ ይደነግጣል፣ እጁን ዘርግቶ እጥፍ ይላል» አለችኝ። መረመርኩት፤ እኔ ፊት ምንም አላደረገም፤ ፈገግ ይላል። ወረፋው ደግሞ ረጅም ነበር። «ቁርጠት ሊሆን ይችላል፣ አይዞሽ» ብዬ ሸኘኋት። በአምስተኛው ቀን ተመለሰች። ምንም ሳትናገር ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ልጁ ነቃ፣ አንገቱ ወደ ፊት ሰበር አለ፣ ሁለት እጆቹ ተዘረጉ፣ ተለቀቀ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደግሞ። ደግሞ። ደግሞ። ቁርጠት አልነበረም። የጨቅላ ሕፃናት የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል፣ በተለይ ሲነቁ ተከታትሎ ይመጣል፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የልጁን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። በዚያው ዕለት የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ እንዲደረግለት ላክነው፤ መድኃኒትም ተጀመረለት።

ያንን ስልክ የገዛችው በእቁብ ብር ነው። ዕጣው ሲደርሳት አማቷ «ቅንጦት ነው፣ ፍሪጅ ይሻል ነበር» ብለዋት እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። እኔ ግን ዛሬም ያ ቪዲዮ ባይኖር ኖሮ በሁለተኛውም ቀን «አይዞሽ» ብዬ እሸኛት ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ ልጃችሁ ግራ የሚያጋባችሁ እንቅስቃሴ፣ አተነፋፈስ ወይም ሳል ካለው ቅረጹትና ለሐኪሙ አሳዩ። ቢያንቀጠቅጠው ግን መጀመሪያ ልጁ፣ ኋላ ስልኩ፤ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱት፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመ ቅረጻውን ትታችሁ ሩጡ።

ሌላ ነገር፦ አንድ ሌሊት ትንፋሽ ያጠረው ልጁን አቅፎ የመጣ አባት ነበር። መድኃኒቱ ውጭ ካለ ፋርማሲ መገዛት ነበረበት። ገንዘብ አለው፤ ሁሉም ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ባትሪው አልቋል፣ ሰፈሩ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ኦክስጅኑን እኛ ይዘን ቻርጀር ፍለጋ ክፍል ለክፍል ዞርን። በመጨረሻ ተረኛዋ ነርስ ከራሷ ከፈለችለት፤ ልጁም ደህና ሆነ። ግን ከዚያ ወዲህ በመኪናዬም በልጆቹ የክትባት ካርድ መያዣ ውስጥም ጥቂት ድፍን ብር አስቀምጣለሁ። እናንተም አድርጉት። የክትባት ካርዱንም በስልክ ፎቶ አንሱት እንጂ ወረቀቱን አትጣሉ።

ወደ እማማ ልመለስ። በሳምንቱ መጡ። የመስማት ምርመራው ደህና ነው። ይህ ትልቅ ዜና ነበር፤ ንግግር የዘገየ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ጆሮው መታየት አለበትና። በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አያይዞ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት የማይል ልጅ «ወንድ ነው፣ ይደርሳል» ተብሎ አይቆይም። ስልክ ኦቲዝም ያመጣል ማለቴ አይደለም፤ ብዙ እናት ይህን ሰምታ በራሷ ላይ ትፈርዳለች። ነገር ግን ልጅ ቋንቋ የሚማረው እሱ ሲያጉረመርም የሚመልስለት ሰው ሲያገኝ ነው። ካርቱን ዝም ቢሉትም ይቀጥላል፣ ቢስቁለትም ይቀጥላል።

እማማን እንዲህ አልኳቸው፦ «የልጅዎ ጥሪ ይቀጥል። እሷ ስታወራው ቆም ብላ ትጠብቀዋለች፣ ሲስቅ ትስቃለች። ያ ስክሪን ማየት አይደለም፣ ሰው ማየት ነው። የሚዘጋው ሌላው ነው። ከማዕድ ላይ ስልኩ ይነሳ፤ ከትሪው አብሮዎት ይብላ፣ እሱም በእጁ ይጉረስ፣ ቢያበላሽም ያበላሽ። ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ሞክረው እምቢ ካለ ያንሱት፤ ሲርበው ይበላል። እንጀራ ሲጋግሩም ከእሳቱ ራቅ አድርገው ክዳንና ማማሰያ ይስጡት።»

«ያለቅሳል እኮ።»

«ያለቅሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል።»

አልዋሸኋቸውም፤ ከበዳቸው። በአራተኛው ቀን ተሸንፈው እንደሰጡት ራሳቸው ነገሩኝ። ጎረቤቶች «ልጁን ምን እያደረጋችሁት ነው?» ብለው መጥተዋል። ጅዳ ያለችው እናቱ ደግሞ እያለቀሰች «ስጡት በቃ» ብላለች፤ እሷንም በዚያው ስልክ አግኝቼ አሥር ደቂቃ አወራን። አሁን ማታ ስትደውል ተረት ታወራዋለች፣ የሰውነቱን ክፍል እየጠራች «አፍንጫህ የታለ?» ትለዋለች።

በሦስተኛው ወር ሲመጡ ሰባት መቶ ግራም ጨምሯል፤ ያለ ስልክ ነው የተመዘነው። ንግግሩ ገና ከዕድሜው በታች ነው፤ የንግግር ባለሙያ እንዲያየው ወረፋ ይዘንለታል፣ ባለሙያው በአገራችን ጥቂት ስለሆነ መጠበቅ ግድ ነው። እማማ ግን ፊታቸው በርቷል። «ሦስት ቃል አለው ዶክተር!» አሉኝ።

«ምን ምን?»

«እማ ይላል። ውሃ ይላል።» ቆም አሉና አፈሩ።

«ሦስተኛውስ?»

ልጁ ራሱ መለሰልኝ። የእማማን ቦርሳ በጣቱ እየጠቆመ፣ ጥርት አድርጎ «ካርድ!» አለ።

«ካርድ አልቋል ስል እየሰማኝ ነው» አሉ እማማ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እየሳቁ። ካርቶኑ ላይ ጻፍኩት፦ ሦስት ቃላት። ቀጠሯችን ከወር በኋላ ነው።