የጾም ፒዛ፦ ከፌርፋክስ ሱቅ እስከ ሃውቶርን ምድጃ

ዛሬ ረቡዕ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ የፒዛ ድግስ አለ። ጾመኛው ልጃችሁ ምን ይበላል? ልጅ ጾምን «ሌላው ሲበላ እኔ ቁጭ ብዬ የማይበት ቀን» ብሎ ከያዘው፣ አድጎ በራሱ መወሰን ሲጀምር ይተወዋል። ስለዚህ በዚህ ወር ከሃውቶርን ተነስተን ፌርፋክስ ደርሰን እንመለስና የጾም ፒዛ እንጋግር። ጾመኛ ባትሆኑም ወተት የማይስማማው ልጅ ካላችሁ አብራችሁን ኑ።

ልጆች፣ ሃውቶርን የሮኬት ከተማ እንደሆነች ታውቃላችሁ። በ2015 ህዋ ደርሳ ተመልሳ መሬት ላይ ቆማ ያረፈችው ሮኬት ክሬንሾ መንገድ ዳር ተተክላለች። ለፒዛችን የሚሆነውን ሱፍ ለማግኘት ግን ፌርፋክስ መሄድ አለብን። በ405 ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በ10 ወደ ምሥራቅ ነድታችሁ፣ ፌርፋክስ ላይ ትወጣላችሁ። በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል ያለውን ሰፈር የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። እዚያ ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር የማይገባበት፣ «ራሔል» የሚባል ምግብ ቤትም አለ።

የጾም ቺዝ የፈረንጅ ፈጠራ ይመስለናል። የእናቶቻችን ጓዳ ግን ይህን ጥበብ ያውቀዋል። ከሽምብራ ዱቄት ዓሣ ይሠራሉ፤ ቡቲቻው የእንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ሱፍ ተፈጭቶ ሲጠለል ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ይወጣዋል። አዲስ አበባ ያሉ ብዙ ፒዛ ቤቶችም በጾም ወራት ቺዝ የሌለው የአትክልት ፒዛ ያቀርባሉ።

ቺዙን ከሱፐርማርኬት ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። «ላክቶስ ፍሪ» ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም፤ ስኳሩ ተወገደ እንጂ ወተቱ ወተት ነው። «ኬዚን» የሚል ካያችሁም መልሱት፤ የወተት ፕሮቲን ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሊጥ ውስጥም ወተት ሊኖር ስለሚችል እሱንም እዩት።

አሁን ወደ ቤት። ሊጡን ዘርጉ፣ የቲማቲም ስጎ ቀቡት፣ በአራት ክፈሉትና እንዲህ አድርጉ።

የመጀመሪያው ሩብ ላይ ከኮኮናት ዘይትና ከስታርች የተሠራውን የተፈቀፈቀ ቺዝ በስሱ በትኑ። ለሁለተኛው ግማሽ ኩባያ ጥሬ ካሹ ዘፍዝፋችሁ ከአንድ ኩባያ ውሃ፣ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ የታፒዮካ ስታርች፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከጨው ጋር ፍጩት፤ ከዚያ እሳት ላይ እስኪለጠጥ አማስሉት። ለሦስተኛው ሱፉን ቀቅላችሁ ፈጭታችሁ አጥልሉ፤ አንድ ኩባያውን ልክ እንደ ካሹው በታፒዮካ አወፍሩት። አራተኛው ያለ ቺዝ ይሁን፤ ሽንኩርት፣ እንጉዳይና ቃሪያ ብቻ። በ475 ፋራናይት ጋግሩት። የኮኮናቱ አልቀልጥ ካለ ውሃ እፍ በሉበትና ለጥቂት ደቂቃ ክደኑት።

እኛ ቤት ትኩሱን ስንቀምስ ትንንሾቹ የኮኮናቱን መረጡ፤ ገበያ ከሚሸጠው ፒዛ ጋር በጣም የሚመሳሰለው እሱ ነው። የካሹው ለስላሳ ነው፣ ቅቤ ቅቤ ይላል። የሱፉ ግን የሱፍ ፍትፍትን ያስታውሳል፤ ትልልቆቹ «ይሄማ የኛ ነው!» አሉ። ቺዝ የሌለው ላይ አዋዜ ጠብ ሲደረግበት አዋቂዎቹ ጨረሱት።

ዋናው ፈተና ግን በማግስቱ ነው፤ ምሳ ዕቃ ውስጥ ፒዛ ይቀዘቅዛል። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ይረጋል፤ ስለዚህ ያ ትናንት ያማረው ቺዝ ዛሬ ደረቅ ሰም ይሆናል። ካሹው ቀዝቅዞም ይበላል፤ ነገር ግን ካሹ አንዳንድ ልጆችን ክፉኛ የሚያሳምም አለርጂ ስለሚያመጣ ብዙ ትምህርት ቤቶች አይፈቅዱትም። ለምሳ ዕቃ እንግዲህ የሚያሸንፈው ሱፉ ነው። ቀዝቅዞም ለስላሳ ነው፣ ካሹም የለበትም። እንደዚያም ሆኖ አዲስ ምግብ ከመላካችሁ በፊት አስተማሪውን ጠይቁ።

ልጆች፣ ሱፉን ማጥለል የእናንተ ሥራ ይሁን። ጓደኛ «ይሄ ምን ዓይነት ፒዛ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ጾም ላይ ነኝ፣ ራሴ የሠራሁት ነው» ማለት ትችላላችሁ። ለጓደኛ የምትቆርሱት አንድ ቁራሽም ጨምሩበት።