ጠፍቶ የማይጠፋ

‹‹ሪስታርት›› የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ለማምጣት የደከሙ ሰዎች በሁለት መንገድ ሄደዋል። አንዳንዶቹ ‹‹እንደገና ማስጀመር›› አሉት፤ ሌሎቹ ‹‹ዳግም ማስነሳት››። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። መነሳት ከመጀመር ይከብዳል፤ ቀድሞ መተኛትን ይጠይቃልና። ‹‹ቡት›› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ ምንጩ በቦት ጫማ አፍ ላይ የሚሰፋው መጎተቻ ነው። ሰው የገዛ ጫማውን መጎተቻ ይዞ ራሱን ከመሬት ለማንሳት ሲታገል አስቡት! ኮምፒዩተርም ሲነሳ የሚገጥመው ይኸው ነው። ፕሮግራም የሚጭንለት ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ ገና አልተጫነም። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ባለች አንዲት ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ቀድሞ ይነቃል፤ አካላቱን አንድ በአንድ ይዳስሳል፤ ሁሉም ደህና ከሆነ በብዙ የቆዩ ማሽኖች ላይ አንድ አጭር ድምፅ ያሰማና ትልቁን ይቀሰቅሳል።

የአባቴ ኮምፒዩተር ያቺን አጭር ድምፅ የነፈገን ባለፈው ክረምት ነው። ጠዋት ከተነሳ እስከ ማታ ያለ እክል ይሠራል። ሪስታርት ሲባል ግን ስክሪኑ ይጨልማል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ አረንጓዴዋ መብራት እንደበራች ትቀራለች፤ ሌላ ምንም የለም። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ማጥፋትና መልሶ መክፈት አይፈይድም። ገመዱን ከግድግዳው ነቅለን፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ጠብቀን መልሰን ስንሰካው ግን ምንም እንዳልነካው ብድግ ይላል።

‹‹አዲስ ግዙላቸው›› ያሉን ብዙ ናቸው። ነገሩ የዕቃ ብቻ አልነበረም። ልጆቻቸው ጋሼ የምንላቸው አባታችን የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉት ከቀድሞዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች በአንደኛው ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፕሮግራሞች የላቲኑን ቦታ ተውሰው ይሠሩ ነበር። አንድ የፊደል ፋይል ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረው ግዕዙ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፋይሎች ተከፋፍሎ የሚቀመጥባቸውም ነበሩ። ጽሑፉ እነዚያ ፊደላት ወደሌሉበት ማሽን ሲሄድ የጋሼ ልጅነት ትርጉም የለሽ የላቲን ፍርፋሪ ሆኖ ይወጣል። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቅጂም ቀድሜ ይዣለሁ። ነገር ግን በሰባ ስምንት ዓመታቸው ጣታቸው የለመደውን ገበታ እንዲረሱ መጠየቅ ለእኔ ‹‹ይብቃዎት›› ከማለት አይለይም።

ፍለጋውን ከውጭ ጀመርኩ። ፍላሹንና ፕሪንተሩን ነቀልኩ፤ አንዳንዱ ማሽን በተሰካ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ ሲፈልግ ተገትሮ ይቀራልና። አልሆነም። ሳጥኑን ከፍቼ ራሞቹን አወጣሁ፤ ወርቅማ ጥርሶቻቸውን በላጲስ አሽቼ ተራ በተራ ሞከርኳቸው። አልሆነም። ቀጥሎ የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ቀየርኩ። እሷ ገመዱ ሲነቀል ቀኑን የምትጠብቅ ናት፤ ደክማ ስለነበር ማሽኑ ከተነቀለ በኋላ በተነሳ ቁጥር ራሱን ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ላይ ያገኘው ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ‹‹ከእኔ ይሻላል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ የት እንደሚያርፍ ያውቃል›› አሉ። አዲሷ ባትሪ ሰዓቱን አቀናች፤ መነሳቱን ግን አላቀናችም።

ለካ ሪስታርት ስንል ኤሌክትሪኩ አይቋረጥም! ፕሮሰሰሩ ሁሉን ትቶ ከመጀመሪያው እንዲነሳ የሚያዝ ምልክት ብቻ ይደርሰዋል። ስናጠፋውም ቢሆን ገመዱ ከግድግዳው እስካልወጣ ድረስ ባለ 5 ቮልት ጭላንጭል በሰሌዳው ውስጥ ነቅታ ታድራለች፤ ማብሪያው ሲነካ የሚሰማው ጆሮ የሚኖረው በእሷ ነው። ከአካላቱ አንዱ ግራ ተጋብቶ ከቆመ ያቺ ጭላንጭል ግራ መጋባቱንም ጠብቃ ልታቆይለት ትችላለች። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ማብሪያውን ስጫነው ማራገቢያው ለቅጽበት ንቅንቅ ሲል አይቻለሁ፤ ተደብቃ የቀረችው ኤሌክትሪክ ስትወጣ ነው።

መንቀል ግን ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አልነበረም። በሽታውን ያገኘው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ፀጉሩ የሸበተ ባለሙያ ነው። መፍቻ ሳያነሳ በእጅ ባትሪ አበራና ‹‹እነዚህን ተመልከት›› አለኝ። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ እንደ ትንንሽ በርሜል የተደረደሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው አራቱ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብለዋል፤ አንደኛው ቡናማ ነገር አንብቷል። በ1999 እና በ2007 እ.ኤ.አ. መካከል የተሠሩ ብዙ ሰሌዳዎች በዚህ ተመትተዋል፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ጋዝ እየፈጠረ ያሳብጣቸዋል። ካፓሲተር እንደ ውኃ ጋን ነው፤ የሚመጣውን አጠራቅሞ ሳያዋዥቅ ያቀርባል። ሲደክም የነቃውን ማሽን ይዞ ሊዘልቅ ይችላል፤ በመነሻዋ ቅጽበት ግን ይከዳል። ባለሙያው ያበጡትን ብቻ ሳይሆን ደህና የሚመስሉ ጎረቤቶቻቸውንም ነቀላቸው። የእያንዳንዱን ኔጌቲቭ ወገን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ፣ በምትካቸው ባለ 6.3 ቮልት፣ 1500 ማይክሮፋራድ የሆኑ አዲሶች በየድ አጣበቀ። ወገናቸው ቢገለበጥ ሊፈነዱ ይችላሉ።

በእነዚያ ሳምንታት ጋሼ አንድ መስመር አልጻፉም። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ እየሠራ፣ ከተነሳ ማለቴ ነው፣ ‹‹እስኪስተካከል ልቆይ›› ይሉ ነበር። ታሪካቸው 1969 ዓ.ም. ላይ ደርሶ ቆሟል። ታላቅ ወንድማቸው ከቤት ወጥተው ያልተመለሱበት ዓመት ነው። ያን ዘመን ለሚያውቅ ዝርዝር አያሻውም፤ እኛም ቤት ውስጥ በዝርዝር ተነግሮን አያውቅም። ሳጥኑን ታቅፌ በታክሲ ስመለስ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ጥገናው ከእጃቸው ላይ የሚነጥቃቸው ሰበብ እንዳለ አውቅ ነበርና።

ሰካሁት። ተነሳ። ሪስታርት አልኩት። ስክሪኑ ጨለመ፤ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ያቺ አጭር ድምፅ ተሰማች።

‹‹ተነሳ?››

‹‹ተነሳ፣ ጋሼ።››

መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። ፋይሉን ከፍተው እስከ መጨረሻው ገጽ ወረዱ፤ ከዓመተ ምሕረቱ ሥር ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። እጃቸውን ገበታው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

‹‹ስትወጣ በሩን ዝጋልኝ፣ ልጄ›› አሉኝ።